ሠሪው፣ ባለ መሬቱ፣ አስጎብኚው

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ 27 ሰዎች የያዘ የኪራይ አውቶቡስ ከኦሃዮ ዋና ከተማ ከኮሎምበስ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አቀና። ተሳፋሪዎቹ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ነበሩ። የጉዞው ሐሳብ የመነጨው ከልጆቹ ነው፤ በትምህርት ቤት ስለ ማያ ሕዝብ ተምረው፣ ፒራሚዶቹን ካላየን ብለው ወላጆቻቸውን ወጥረው ይዘው ነበር። እናቶቹ ወጪውን አሰሉ። አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ ሜክሲኮ ደርሶ መመለስ የወራት የቤት ኪራይ የሚውጥ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መካከል አንዷ፣ «ቆይ እስቲ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ዓለም የመዘገበው የጥንት ሥራ እያለ ምን አንከራተተን?» አለች። ጉዞውም ወደ ኒውአርክ ሆነ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል የ10 ዓመት ሴት ልጁን በመስኮቱ በኩል አስቀምጦ እርሱ ከጎኗ የተቀመጠ አንድ ሰው ነበር። ይህ ሰው በላሊበላ ከተማ ለ11 ዓመታት ፈቃድ ይዞ በአስጎብኚነት ሠርቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዶቹን አስቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ መጣ። ባለቤቱ ዲቪ ደርሷት ቤተሰቡ ወደ ኮሎምበስ ከመጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ የሚሠራው አውቶቡሱ በሚያልፍበት በሊኪንግ ካውንቲ፣ በአንድ ዌርሃውስ ውስጥ፣ በሌሊት ተራ ፎርክሊፍት እየነዳ ነው። መንገዱን ከአብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ይልቅ ያውቀዋል፤ በቀን ብርሃን ግን እምብዛም አይቶት አያውቅም።

ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለስ እንግዳ ለዚህ ሰው እንጀራው ነበር። የአንድ ቀን ጉብኝት ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል ከውስጥ ያውቀዋል። እርሱ ራሱ ጎብኚ ሆኖ አውቶቡስ ሲሳፈር ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን አንድ ቀን እየተከተለ አንድ ጥያቄ ይመረምራል፤ የጥንት ሥራ ዋጋው ከየት ይመጣል? ከሠሪው፣ ከቆመበት መሬት፣ ወይስ ስለ እርሱ ከሚናገረው ሰው?

እርከን

አውቶቡሱ የቆመው ከኒውአርክ ጋር በተያያዘችው በሂዝ ከተማ፣ ታላቁ ክብ በሚባለው ስፍራ ነው። የመጀመሪያው ስሜት ቅሬታ ነበር። ልጆቹ የጠበቁት የድንጋይ ደረጃ፣ የተቀረጸ ፊት፣ ከዛፍ በላይ የሚወጣ ግንብ ነው። ከፊታቸው ያለው ግን ሣር የለበሰ የአፈር ግድግዳ ብቻ ነው። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የመጡ አንዲት አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትንሽ ተመለከቱና፣ «ይኼ እርከን አይደለም እንዴ? የእኛም አገር ሰው ሲቆፍረው የኖረ!» ብለው ሰዉን አሳቁት።

እርከን ግን አይደለም። ታላቁ ክብ ከዳር እስከ ዳር ወደ 360 ሜትር ይሰፋል፤ ግድግዳው በበሩ አካባቢ ከ4 ሜትር በላይ ይቆማል። ከግድግዳው በውስጥ በኩል ቦይ ይከተለዋል። ምሽግ ቢሆን ኖሮ ቦዩ የሚቆፈረው በውጭ በኩል ነበር። ከዚህ ስፍራ ጥቂት ራቅ ብሎ 20 ሄክታር ያህል የሚከልል የአፈር ስምንት ማዕዘን አለ፤ በአጭር መተላለፊያ ከሌላ ክብ ጋር ይያያዛል። ሁለቱ ስፍራዎች በአንድ ወቅት ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን የነበረ የአንድ ታላቅ ሥራ ቅሪቶች ናቸው። ሥራው የተሠራው ከ2000 እስከ 1600 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ዩኔስኮ በመስከረም ወር 2023 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ከሚገኙ ሌሎች ስድስት ስፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አስጎብኚዋ በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች አሜሪካዊት ነበረች። ሰዎቹን በበሩ አስገብታ ምንም ሳትናገር ወደ መካከል መራቻቸው፤ ሁሉም ዞር ብለው ግድግዳው በዙሪያቸው መገጣጠሙን እስኪያዩ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ፀሐይ በጀርባቸው እንዲሆን አድርጋ አቆመቻቸው። የላሊበላው ሰው ፈገግ አለ። ቤተ ጊዮርጊስን ሲያስጎበኝ እርሱም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ እንግዳው ከአፋፉ ቆሞ ከታች ያለውን መስቀል በራሱ ዓይን እስኪያገኘው አፉን ይይዛል። ሙያውን ያወቀ ሰው ሌላውን ባለሙያ የሚለየው ከቃሉ በፊት በዝምታው ነው።

አዛውንቷ እንግሊዝኛው አልገባቸውም። «ልጄ፣ ምን አለች?» ብለው ጠየቁት። ይተረጉምላቸው ጀመር።

ሠሪዎቹ በሬ፣ አህያ፣ መንኮራኩር፣ ብረት አልነበራቸውም። አፈሩን በሹል እንጨትና በዛጎል መቆፈሪያ እየቆፈሩ በቅርጫት ተሸክመው ነው የካቡት። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በዚህ ሥራ ዙሪያ ትልቅ ከተማ አላገኙም፤ ቤተ መንግሥትም አላገኙም። ሰዎቹ በየወንዙ ዳር ተበታትነው በትንንሽ መንደሮች እየዘሩ፣ እያደኑና ፍሬ እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። በስፍራዎቹ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል ግን ከሎውስቶን አካባቢ የመጣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት፣ ከሱፒሪየር ሐይቅ አካባቢ የመጣ መዳብ፣ ከአፓላችያን ተራሮች የመጣ አንጸባራቂ ማይካ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የመጣ ዛጎል ይገኙበታል። ሰዎች ከሩቅ ወደዚህ ይመጡ ነበር ማለት ነው፤ ባዶ እጃቸውንም አይመጡም።

ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህ አስቸጋሪ እንቆቅልሽ ነው። ማንም የግሉ ሊያደርገው የማይችል ትልቅ የጋራ ሥራ በተለምዶ ሁለት መነሻ ይሰጠዋል፤ ወይ የሚያስገድድ መንግሥት፣ ወይ የሚከፍል ገበያ። ሁለቱም ከሌሉ እያንዳንዱ ሰው «ሌላው ይሸከም» ብሎ ቁጭ ይላል፣ ሥራውም አይሠራም ይባላል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ሦስተኛውን መንገድ ከልጅነቱ ያውቀዋል። በደቦ የሚታረስ ማሳ፣ ለንግሥ ከየአቅጣጫው በእግሩ የሚመጣ ሕዝብ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ምእመን ከዚህ እንቆቅልሽ ጋር ያደገ ነው። ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ተበታትነው የሚኖሩ ከሆነ፣ የሚገናኙበት ስፍራ ራሱ የሚሸከሙለት ዋጋ አለው። ሥራው ስብሰባውን ይፈጥራል፤ ስብሰባውም ሥራውን። አዛውንቷ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያ ታቦት ሲወጣ እንደሚሆነው ነው በለኛ» አሉ። አስጎብኚዋ ከተናገረችው ይልቅ አሳጠሩት።

ስም

የሰውየው ልጅ እጇን አወጣች። «የሠሩት ሰዎች ስማቸው ማን ነው?»

መልሱ ከቀኑ ሁሉ የከበደው ነገር ነበር። ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር አይታወቅም። ዛሬ ሆፕዌል ይባላሉ፤ ሆፕዌል ግን የእነርሱ ስም አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሮስ ካውንቲ፣ በቺሊኮቲ አቅራቢያ፣ ከታወቁት የአፈር ሥራዎች አንዱ ያረፈበት እርሻ ባለቤት ሞርድካይ ሆፕዌል ይባል ነበር። ቁፋሮው በእርሻው ላይ ስለተካሄደ ሕዝቡም በባለ እርሻው ስም ተጠራ። አንድ ሙሉ ባህል፣ ከጠፋ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የመሬቱን ደብተር በያዘው ሰው ስም ተመዘገበ።

ላሊበላ ላይ የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከተማዋ የቀድሞ ስሟ ሮሐ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንዳሠራ ሲነገር፣ ቦታው የሠሪውን ስም ወረሰ። አንዱ ዘንድ መሬቱ ለሠሪው ስም ተገዛ፤ ሌላው ዘንድ ሠሪው ለመሬቱ ባለቤት ስም። ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ አይደለም። በመካከሉ በቦታው ሳይቋረጥ የኖረ ሕዝብ መኖሩና አለመኖሩ ነው ልዩነቱን የፈጠረው።

ኦሃዮ ውስጥ ሳይቋረጥ መኖር አልተፈቀደም። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1830 የወጣው ሕግ ነባር ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራብ እንዲሻገሩ አደረገ፤ ሾኒዎች ተነቀሉ፣ ዋያንዶቶች እ.ኤ.አ. በ1843 ከኦሃዮ የመጨረሻው ተነሺ ሆኑ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው በብዛት በኦክላሆማ ይኖራሉ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ አንድ ትረካ ተስፋፋ፤ እነዚህን ጉብታዎችና ክቦች የሠራው አሁን ያሉት ነባር ሕዝቦች አይደሉም፣ ድሮ የጠፋ ሌላ ዘር ነው የሚል። የስሚዝሶንያን ተቋም ተመራማሪ ሳይረስ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ሥራው የነባሮቹ ሕዝቦች አባቶች መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ትረካው በሰፊው ይታመን ነበር።

ትረካ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በብር ይቆጠራል። ሠሪው የነዋሪው አባት ካልሆነ ነዋሪውን ማንሣት ይቀላል፤ እርሱም ቢሆን ከሌላ የወረሰው ነው ይባላልና። ስለዚህ «ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ የታሪክ ብቻ አይደለም፤ የይዞታ ጥያቄ ነው። በማዕከላዊ አሜሪካ የማያ ፍርስራሾች ላይም ተመሳሳይ ነገር ተብሏል፤ ከባሕር ማዶ የመጡ ሕዝቦች ሥራ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ተጓዡ ጆን ሎይድ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው መጽሐፉ፣ ሠሪዎቹ በዚያው የሚኖሩት ሕዝቦች አባቶች ናቸው ብሎ መሟገት አስፈልጎታል። ላሊበላም ከዚህ አላመለጠም። በ1520ዎቹ ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ቢጽፍ የሚያምነው እንደማይኖር ፈርቶ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ከዚያ በኋላ የመጡ የውጭ ጸሐፊዎችም ሥራውን ለመስቀል ጦረኞች ለመስጠት ሞክረዋል። የላሊበላው ሰው በ11 ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ከእንግዶች ስንት ጊዜ እንደሰማው መቁጠር ትቷል። ሁልጊዜ ይመልስ የነበረው በጥያቄ ነበር፤ «የፓሪሱን ኖትርዳም ማን እንደሠራው ሲጠይቁ ከሌላ አገር ሰው ይፈልጋሉ?»

ያን ቀን ልጁ «ስማቸው ማን ነው?» ስትል ያነሣችው ይህንኑ ነበር። አስጎብኚዋም መልሱን አላድበሰበሰችም። «አናውቅም፤ ስሙ የባለ እርሻው ነው» አለች፤ ከዚያም የምሥራቅ ሾኒ ሕዝብ አለቃ ግሌና ዋላስ ስፍራው በዓለም ቅርስነት እንዲመዘገብ ድምፃቸውን ካሰሙት መካከል መሆናቸውን ነገረቻቸው። ሰውየው ይህን ሲተረጉም ቆም አለ። አለቃዋ ወደ አባቶቻቸው ሥራ የሚመጡት ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ነው። ጎብኚ ሆነው።

ሊዝ

ከምሳ በፊት አውቶቡሱ ወደ ስምንት ማዕዘኑ ተሻገረ። ግድግዳዎቹ መካከል የተስተካከለ ሣር፣ እዚህም እዚያም የአሸዋ ጉድጓድ አለ። ልጆቹ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጎልፍ ነው።

ስፍራው እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ለጎልፍ ክለብ ተከራይቶ ነበር። ክለቡ የተጠራው «ጉብታ ሠሪዎች» ተብሎ ነው፤ ስሙን ከሠሪዎቹ ወስዶ ሥራቸው ላይ ኳስ ይመታ ነበር ማለት ነው። መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1933 ዛሬ የኦሃዮ ታሪክ ማኅበር በሚባለው ተቋም እጅ ገባ፤ የሊዝ ውሉ ግን እየታደሰ ቀጠለ፤ እስከ 2078 ሊዘልቅም ይችል ነበር። በቅርብ ዓመታት ሕዝብ ሙሉውን ስፍራ በነፃነት የሚረግጥበት ቀን በዓመት አራት ያህል ብቻ ነበር። ማኅበሩ ስፍራው ለሕዝብ ጥቅም እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት ሄደ። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በ6 ለ1 ድምፅ ለማኅበሩ ፈረደ። ከዚያ የቀረው የካሳው መጠን ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ2024 ተስማሙ። ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስምንት ማዕዘኑ ለሁሉም ክፍት ሆነ።

ለክለቡ ፍትሕ መስጠት ይገባል። የቀረው የኒውአርክ ሥራ በአብዛኛው በቦይ፣ በባቡር ሐዲድ፣ በቤትና በእርሻ ሲጠፋ፣ የጎልፉ ሣር ግድግዳዎቹን አቆይቷቸዋል። ታላቁ ክብም እንዲሁ የተረፈው እ.ኤ.አ. ከ1854 ጀምሮ ለአሠርት ዓመታት የካውንቲው ባዛርና የፈረስ ውድድር ሜዳ ሆኖ ነው። ማንም ሳይጠቀምበት የቀረ መሬት ቶሎ ይታረሳል፤ የተሳሳተ ጥቅም አንዳንድ ጊዜ ጠባቂ ይሆናል። ግን ጎልፉ ያቆየው አፈሩን ነው። ነገሩን አላቆየም፤ ነገሩን የሚናገር አልነበረበትምና።

ካሳ የሚሰላው በገበያ ዋጋ ነው። የገበያ ዋጋ የሚያውቀው ደግሞ መሬቱን ለመያዝ ገንዘብ የሚያወጣውን ነው፤ የጎልፍ ክለብ አባልነት ክፍያ፣ የቤት ሠሪ ሒሳብ። የተነቀለ ሕዝብ በጨረታው ላይ አይገኝም። በዚሁ ካውንቲ፣ ከመንገዱ በስተሰሜን፣ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣበታለሁ ብሎ ያስታወቀው የቺፕ ፋብሪካ እየተገነባ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የመሬት ዋጋ ልዩነት መሬቱ ምን እንደሚያመርት ይናገራል፤ ምን እንደሚያስታውስ አይናገርም። የማያ ጉብኝቶች አውራ በሆነው በቺቼን ኢትሳም ፒራሚዱ የመንግሥት ሆኖ ከሥሩ ያለው መሬት እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የአንድ ቤተሰብ ነበር፤ የዩካታን ግዛት 83 ሄክታሩን በ220 ሚሊዮን ፔሶ ገዝቶ ነው አንድ ያደረገው። ሐውልትና መሬት በተለያዩ ደብተሮች ሲጻፉ፣ ሁልጊዜ ቀድሞ ገንዘብ የሚቀበለው የመሬቱ ደብተር ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊዝ፣ ካሳ፣ ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ የሚሉትን ቃላት አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ያውቃቸዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ተነሺ የሚካሰው በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት ነው። የሰውየው እናት ቤት በላስታ አሠራር ከድንጋይ የተሠራ ባለ አንድ ደርብ ክብ ቤት ነበር፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቅ ነበር። ቅርሱ እንዲጠበቅ ተብሎ በአካባቢው የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ እርሳቸውም ሄዱ። ምክንያቱ እውነት ነበር፤ የቤቶቹ ፍሳሽና የማገዶው ጭስ ለድንጋዩ አይበጅም። ካሳውም ግድግዳውንና ጣሪያውን ቆጥሯል። ሌሊት ከአልጋቸው ሳይነሡ ይሰሙት የነበረውን ማኅሌት ግን የሚቆጥርበት ሰንጠረዥ አልነበረውም። ስምንት ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ሰውየው ያሰበው ይህንን ነው። አንዱ ዘንድ ሕጉ ቅርሱን ከክለብ አስለቅቆ ለሕዝብ ሰጠ፤ ሌላው ዘንድ ቅርሱን ለመጠበቅ ሕዝቡን አነሣ። ሕጉ ያው አንድ ነው፤ የሚለየው በሥራው ማን እንደሚቆም ነው።

አበቅቴ

አስጎብኚዋ በስምንት ማዕዘኑ መግቢያ ላይ ቆማ እጇን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘረጋች። ሬይ ሃይቭሊና ሮበርት ሆርን የተባሉ ሁለት የኮሌጅ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙትን ነገረቻቸው፤ የክቡና የስምንት ማዕዘኑ መካከለኛ መሥመር የሚያመለክተው ጨረቃ እጅግ ወደ ሰሜን ርቃ የምትወጣበትን ነጥብ ነው። ጨረቃ የምትወጣበት ቦታ በአድማስ ላይ እየሰፋና እየጠበበ ይመላለሳል፤ አንዱ ዙር 18.6 ዓመት ይወስዳል። ስፍራው የተከፈተበት ዘመን ጨረቃ ያን ዳርቻ ከምትደርስበት ወቅት ጋር ገጠመ።

አዛውንቷ አሁንም፣ «ምን አለች?» አሉ።

ሰውየው መጀመሪያ ያለችውን ብቻ ተረጎመ። ከዚያ ግን ትርጉሙ እየረዘመ ሄደ። «እማማ፣ አበቅቴን ያውቁ የለም? በባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ቍጥር በ19 ዓመት ተመልሶ ይገጥማል፤ ፋሲካን የምናወጣው በእርሱ ነው። ይኼ ግን ሌላ ነው። የእኛ ሊቃውንት የቆጠሩት ጨረቃ መቼ እንደምትሞላ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የጠበቁት ከወዴት እንደምትወጣ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሰው ሕፃን ሆኖ ያየውን ጎልማሳ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ቢያልፈው ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚያየው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ የሚነግረው ያስፈልጋል፣ የሚነግረውም ሰው ያስፈልገዋል።» ልጆቹም ከዙሪያው ተሰበሰቡ። ሁለት አባቶች ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። አስጎብኚዋ ቋንቋውን ባትሰማም ንግግሩን ስታስተውል ቆየች፤ እስኪጨርስም አላቋረጠችውም።

ልጁ እጅጌውን ጎተተችው። «አባዬ፣ እሷ ይህን ሁሉ አላለችም እኮ።»

ኢኮኖሚስቶች ከቦታው ሲወጣ ዋጋውን የሚያጣ ዕውቀት ብለው የሚለዩት ነገር አለ። ፎርክሊፍት መንዳት ኮሎምበስም፣ ሞምባሳም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። በቤተ ማርያም በጨርቅ የተሸፈነውን ዓምድ ለእንግዳ እንዴት እንደሚያሳዩ፣ ቀሳውስቱን ሳያስቀይሙ ከየት መቆም እንደሚገባ፣ በገና ሌሊት የሕዝቡ ጎርፍ ከየት ወደየት እንደሚፈስ ማወቅ ግን ከላሊበላ ውጭ የሚገዛው የለም። እንግዳ ሲቀር አስጎብኚው መጀመሪያ ወደ ንግድ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ድንጋዩ ለመቶ ዓመት ይታገሣል። ዕውቀቱ ግን በሰው ውስጥ ስለሚኖር የሚታገሠው አንድ የሥራ ዕድሜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰላም በራቀው አገር ስለ ቅርስ ሲታሰብ የሚፈራው የግድግዳው መሰንጠቅ ብቻ መሆን የለበትም። ኒውአርክ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ሆኖ ሊቆም ይችላል፣ ተናጋሪው ከሄደ ግን መቶ ዓመት ሙሉ ጎልፍ ይጫወቱበታል፣ የሚያፍርም አይኖርም።

የቱሪዝም ስታቲስቲክስ ይህን አይይዝም፤ ጎብኚው ባወጣው ገንዘብ ነው የሚቆጥረው። በዚያ መለኪያ የዚያ ቅዳሜ ጉዞ ዋጋው ባዶ ነው። መግቢያው በነፃ ነው። 27ቱ ሰዎች ምሳቸውን ከቤት ይዘው መጥተዋል። ኒውአርክ ላይ የገዙት ነገር ቢኖር ለልጆቹ ውኃ ብቻ ነው።

ሲጨርሱ ሰውየው 20 ዶላር አጥፎ በእጁ መካከል ደብቆ፣ ለራሱ ለዓመታት እንደተሰጠው አድርጎ፣ ለአስጎብኚዋ በሰላምታ መልክ ዘረጋላት። ጉርሻ ነው። እርሷ ሣቀችና እጇን ሰበሰበች፤ መቀበል እንደማይፈቀድ ነገረችው። ገንዘቡን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ኋላም በሙዚየሙ ውስጥ ካለው የመዋጮ ሣጥን ከተተው።

ምሳው የቀረበው ከታላቁ ክብ ውጭ፣ በእንጨት ጠረጴዛዎች ላይ ነበር። አዛውንቷ የዶሮ ወጡን ክዳን ከፍተው እንጀራውን ዘረጉ፤ እንቁላሉን ከፍለው፣ በወጡ አርሰው፣ በደንብ ጠቅልለው ተነሡ። ሰው ሁሉ ለልጅ ልጃቸው መስሎት ነበር። ጠረጴዛውን ዞረው ከሰውየው አጠገብ ቆሙ።

«በል፣ አፍህን ክፈት» አሉት፤ «ይኼ የአስጎብኚያችን ነው።»